«ዘ» ትንሽ ናት ብላችሁ አትለፏት

ዛሬ ስለ ደሞዝም ስለ ማዳምም አይደለም የማወራው። ስለ እንግሊዝኛ ነው። «ኤጭ፣ ትምህርት ጀመረች» ብላችሁ እንዳታልፉኝ፤ ዞሮ ዞሮ የራሳችን ጉዳይ ነው።

እንግሊዝኛ በራሳችን የምንማር ብዙ ነን። ማታ ሥራ ጨርሳ በስልክ ቪዲዮ የምታይ አለች፣ ከአሠሪዎቿ ልጆች ደብተር የምትቃርም አለች፣ ሀገር ቤት ስምንተኛ ክፍል የተማረችውን አሁን እያስታወሰች የምትቀጥል አለች። ሁላችንም ጋ ግን አንድ አባባል አለ፤ «ባክሽ ዘ ገባች አልገባች ምን ለውጥ አለው፣ ዋናው መግባባት ነው»። እኔ በዚህ አልስማማም።

ለሱቅና ለኩሽና ቢሆን ኖሮ እስማማ ነበር። ግን እዚህ ኤደን ውስጥ ሱቁም ኩሽናውም አውቶብሱም በዓረብኛ ነው። እንግሊዝኛ የሚመጣው ወረቀት ሲመጣ ነው። ወደ ሀገር ለመመለስ ስትመዘገቢ፣ የስደተኛ ቃል ስትሰጪ፣ የውጭ ሐኪም ሲያክምሽ፣ ሌላ ሀገር ያለ አሠሪ በዋትሳፕ «የት ሠርተሻል?» ሲልሽ። እዚያ ቦታ ላይ ያልሽውን ሰው ይጽፈዋል። አንቺ ተነስተሽ ትሄጃለሽ፣ የተጻፈው ይቀራል። የሚቀጥለው ሰው ደግሞ አንቺን ሳይሆን ወረቀቱን ነው የሚያምነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ እንውሰድ። «የመን እንዴት መጣሽ?» ከኦቦክም ይሁን ከቦሳሶ የተነሳነው ብዙዎቻችን መልሳችን አንድ ነው፣ በባሕር። በእንግሊዝኛ «ባይ ሲ» ነው። ዘ የለችም። መንገዱን ነው የምትናገሪው፣ በአየር ሳይሆን በባሕር ማለትሽ ነው። ዘ ጨምረሽ «ባይ ዘ ሲ» ካልሽ ግን ትርጉሙ ባሕር ዳር፣ ባሕሩ አጠገብ ሆነ። ክሬተር ወይም ቱዋሂ የምትኖር እህት «አይ ሊቭ ባይ ዘ ሲ» ብትል ልክ ናት፤ ቤቷ ባሕሩ ዳር ነው። «አይ ኬም ባይ ሲ» ያለችው ደግሞ በጀልባ የመጣችው ናት።

አሁን ይቺን ከበድ አድርጋችሁ ስሙልኝ። «አት ሲ» ማለት በመርከብ ወይም በጀልባ ላይ፣ ጉዞ ላይ ማለት ነው። «ኢን ዘ ሲ» ግን ውሃው ውስጥ ማለት ነው። አንዲት እህት ስለ ጓደኛዋ ስትጠየቅ «ሁለት ቀን ባሕር ላይ ነበረች» ለማለት ፈልጋ «ኢን ዘ ሲ» ብትል፣ ሰሚው ጀልባው ሰጥሞ ልጅቷ ውሃ ውስጥ እንደነበረች ነው የሚገባው። እዚህ ላይ የተለወጠችው ዘ ብቻ አይደለችም፣ ከፊቷ ያለችውም ቃል ተለውጣለች። ግን አብረው ነው የሚሄዱት፣ አብረሽ ነው የምትይዣቸው። በዚያ ባሕር ሰው ላለቀበት ወገን ይሄ የሰዋስው ጨዋታ አይደለም።

«ይሄን ሁሉ እንዴት አስታውሳለሁ?» ለምትሉ መልሴ ይሄ ነው፤ ነገሩን ታውቁታላችሁ። በአማርኛ ስትናገሩት ነው ያደጋችሁት።

«ልጅቷ ገዳም ገባች» ስትባይ ምን ይገባሻል? መነነች፣ ዓለምን ተወች። «ልጅቷ ገዳሙ ውስጥ ገባች» ስትባይስ? በበሩ አልፋ ግቢውን ረገጠች፤ ምናልባት ልትሳለም፣ ምናልባት ሰው ልትጠይቅ። ቃሉ አንድ ነው፣ ልዩነቱን ያመጣችው መጨረሻ ላይ ያለችው «ኡ» ናት። «ጫካ ገባ» ሌላ ነው፣ «ጫካው ውስጥ ገባ» ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው ጠመንጃ አለበት፣ ሁለተኛው እንጨት ለቀማም ሊሆን ይችላል። «አልጋ ያዘች» ታመመች ማለት ነው፣ ከተማ ከሆነ ደግሞ ሆቴል ተከራየች። «አልጋውን ያዘች» ግን አልጋ ስታነሱ አንዱን ጫፍ ጨበጠች። እስር ቤት የገባና እስር ቤቱ ውስጥ የገባም እንደዚያው፤ ሁለተኛው ስንቅ ይዞ ሊሆን ይችላል።

እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ቦታው ለተሠራበት ጉዳይ ስትገቢ ዘ ትጠፋለች፤ ሕንፃውን፣ ያንን የምናውቀውን ቤት ስትይ ዘ ትመጣለች። «ኢን ፕሪዝን» የታሰረ ነው፣ «ኢን ዘ ፕሪዝን» ሕንፃው ውስጥ ያለ ነው፣ ጠባቂም ጠያቂም ሊሆን ይችላል። «ጎ ቱ ስኩል» መማር ነው። የማዳምን ልጅ ለማምጣት ስትሄጂ ግን «ጎ ቱ ዘ ስኩል» ነው፣ አንቺ አትማሪማ! «ጎ ቱ ቤድ» መተኛት ነው፣ «ጎ ቱ ዘ ቤድ» ወደ አልጋው ሄዶ አንሶላ መቀየርም ይሆናል። እኛ በቀን ስንት ጊዜ ወደ አልጋው ሄደን ስንት ጊዜ እንተኛለን፣ እሱን እናንተው ታውቃላችሁ።

ሆስፒታል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳት ያየሁት እዚህ ላይ ነው። እዚህ ኤደን የማውቃት አንዲት እህት ሆስፒታል ውስጥ ሦስት ወር ጽዳት ሠርታለች። አንድ ቢሮ ቀርባ «ከዚያ በፊት የት ነበርሽ?» ስትባል «አይ ዋዝ ኢን ሆስፒታል፣ ስሪ መንዝስ» አለች። ሰውዬው ሦስት ወር ታማ ተኝታ ነበር ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ «ሕመምሽ ምን ነበር?» አላት። «እኔ በሽታ የለብኝም» አለች። አያችሁ? አሁን ወረቀቱ ላይ ሦስት ወር ተኝታ የታከመች፣ ግን ሕመሟን የምትደብቅ ሴት ተጻፈች ማለት ነው። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ እሷም አልዋሸችም። አማርኛውን ብታዳምጠው ኖሮ ይነግራት ነበር፤ «ሆስፒታል ገባሁ» ብትል እናቷ ደንግጣ «ምን ሆንሽብኝ?» ነው የምትላት። «ሆስፒታሉ ውስጥ እሠራ ነበር» ብትል ግን «ተመስገን፣ ደሞዙስ ደህና ነው?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ የለብኝም። ይሄ የሆስፒታሉ ልዩነት በእንግሊዞቹ አነጋገር ነው። አሜሪካኖቹ ለታመመውም ለሠራተኛውም «ኢን ዘ ሆስፒታል» ነው የሚሉት። ስለዚህ ዘን ብቻ ታምኖ መኬድ የለበትም። ፊትሽ ያለው ሰው እንግሊዝ ይሁን አሜሪካዊ ወይ ደግሞ ኬንያዊ በምን ታውቂያለሽ? ሥራሽን ተናገሪ፤ «አይ ዎርክድ አት ዘ ሆስፒታል፣ ክሊነር»። ግሡ ካለ ሁለቱም ይገባቸዋል። ዝርዝር ሕግ የሚሸጡልን የኦንላይን አስተማሪዎች ይህቺን አይነግሩንም። «ይሄ ሁልጊዜ ዘ ይወስዳል፣ ያ በጭራሽ አይወስድም» ብለው ሃምሳ መስመር ያሸክሙናል።

ታዲያ አማርኛችን ውስጥ ካለ ለምን ይጠፋናል? የኔ ሐሳብ፣ የሚያጠፋን ዓረብኛው ነው። ዓረብኛ ሲባል የቤት ሥራ እየሠራን በጆሯችን የለቀምነው ማለቴ ነው። እዚያ «አል» የማትገባበት የለም። «ፊልበይት»፣ «ፊልመድረሳ»፣ «ፊልሙስተሽፋ»፣ «ፊልሐብስ»። የታመመውም ጠያቂውም «ፊልሙስተሽፋ» ነው፣ የታሰረውም ጠባቂውም «ፊልሐብስ» ነው። «ሕይወት ከባድ ነው» ለማለት እንኳን ዓረብኛው ሕይወትን አል አልብሶ «አልሐያ» ነው የሚላት። (በነገራችን ላይ በቲሃማ በኩል «አል»ን «አም» የሚሏት ሰዎች አሉ። መጀመሪያ የሰማች እህት ሌላ ቋንቋ ቢመስላት አይፈረድባትም።) ታዲያ አምስት ዓመት በዓረብኛ ኖረሽ እንግሊዝኛ ስትጀምሪ፣ አፍሽ አልን ወደ ዘ ገልብጦ ያወጣዋል። «ዘ ላይፍ ኢዝ ዲፊከልት»፣ «አይ ላይክ ዘ ኮፊ»፣ «አይ ጎ ቱ ዘ ሆም»።

አማርኛሽን ብትጠይቂው እንዲህ አይልሽም። ቡና የምትወጂ ከሆነ «ቡና እወዳለሁ» ነው የምትይው። «ቡናውን ወደድኩት» የምትይው የቀረበልሽን ያንን ቡና ቀምሰሽ ነው። «ሕይወት ከባድ ነው» ሁሉንም ሰው ነው፤ «ሕይወቱ ከባድ ነው» ስትይ የእዚህን ኑሮ ነው፣ ወይም የእሱን። እንግሊዝኛውም ቡናንና ሕይወትን በደምሳሳው ሲያነሳ ያለ ዘ ነው። ስለዚህ የምመክረው፣ ዓረፍተ ነገሩን ከማውጣትሽ በፊት በሆድሽ በአማርኛ በይው። መጨረሻው ላይ «ው» ወይም «ዋ» ካልመጣ፣ ዘን ለማስገባት አትቸኩዪ። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ፀሐይን እኛ ዝም ብለን ፀሐይ እንላለን፣ እነሱ «ዘ ሰን» ይላሉ። ግን ከዓረብኛው ይልቅ ብዙ ጊዜ ልክ የሚያወጣሽ አማርኛው ነው።

አማርኛውም ታዲያ የራሱ ጉድጓድ አለው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። የእኛ «ኡ» ሁለት ሥራ ትሠራለች። «ቤቱ» ማለት ያ ቤት ነው፣ የእሱ ቤትም ነው። «ስልኩ» ያ ስልክ፣ የእሱም ስልክ። በወሬ መሃል ችግር የለውም፣ ከአወራሩ ይለያል። አሁን ግን አንዲት እህት የደረሰባትን ስትናገር አስቡት። «ልጁ መታኝ» አለች። የቱ ልጅ? የሰፈሩ ልጅ ነው ወይስ የአሠሪው ልጅ? «ዘ ቦይ» ነው ወይስ «ሂዝ ሰን»? አስተርጓሚው አንዱን ይመርጣል፣ የስልኩ ተርጓሚ ደግሞ ሳይጠይቅ ይመርጣል። «ዘ ቦይ» ተብሎ ከተጻፈ መንገድ ላይ ያለ ማንም ጎረምሳ ሆነ፤ አሠሪው ቤት ውስጥ የደረሰው በደል ከቤቱ ወጣ። አንድ ቃል ነው፣ ጥፋተኛው ግን ተለወጠ።

«ፓስፖርቱን ወሰደው»ም እንደዚያው። በእንግሊዝኛ «ሂዝ ፓስፖርት» ተብሎ ቢወጣ የራሱን ፓስፖርት የወሰደ ሰው ምን አጠፋ? «ዘ ፓስፖርት» ቢባልም የማን እንደሆነ ገና ጥያቄ ነው። «ማይ ፓስፖርት» ነው መባል ያለበት። በአማርኛም ቢሆን ለአስተርጓሚ ስትናገሪ «ፓስፖርቴን ወሰደብኝ» በይ። «ልጁ» አትበይ፣ «የአሠሪዬ ወንድ ልጅ» በይ። ቤቱንም «የምሠራበት ቤት» በይው። ረዘመ ብለሽ አትፈሪ።

«ሕግ የሚጽፉት ትልልቅ ሰዎች እንጂ እኛ አይደለን፣ ለምን እንጨነቃለን?» የምትል ትኖራለች። ትልልቆቹ ናቸዋ በጣም የሚጨነቁት! ውጫሌን ሁላችንም ተምረነዋል። 1881 ዓ.ም. ላይ በተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሡ ከፈለጉ በኢጣልያ በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር መላላክ ይችላሉ፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታቸው ነው የሚል ሆኖ ተገኘ፤ መጨረሻው አድዋ ነው። ከዘ ጋር የተያያዘው ደግሞ ለዚህ ለምንኖርበት ዓረብ ሀገር የቀረበ ነው። በፈረንጆች ኅዳር 22 ቀን 1967 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 242ን አወጣ። እስራኤል በጦርነቱ ከያዘቻቸው ግዛቶች ጦሯን ታውጣ ይላል። በእንግሊዝኛው «ግዛቶች» ከሚለው ቃል በፊት ዘ የለችም። በፈረንሳይኛው ግን አለች። ዓረቦቹ «ግዛቶቹን፣ ማለትም ሁሉንም» አሉ። እስራኤል «ዘ የለችም፣ ስለዚህ ሁሉንም አይልም» አለች። ይሄው እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እንግሊዝ ራሷ ከዚህ ከኤደን ለቃ የወጣችው በዚያው ወር፣ በ30ኛው ቀን ነው። ረቂቁን ያቀረቡትም እንግሊዞቹ ነበሩ። በቋንቋው ባለቤቶች እጅ ተጽፎ እንዲህ ከሆነ፣ የኔና ያንቺ ቃል ላይ ዘ ቀረች ተጨመረች ቢባል የሚገርም አይደለም።

ስለ እኛ የተጻፈም አለ። የዓለም የሥራ ድርጅት የቤት ሠራተኞች ስምምነት፣ ቁጥር 189 የሚባለው፣ በፈረንጆች ሰኔ 16 ቀን 2011 የጸደቀው። የቤት ሥራን ሲተረጉም በአንድ ቤት ወይም በቤቶች ውስጥ፣ ወይም ለእነሱ የሚሠራ ሥራ ይላል። እዚያ ጋ ዘ የለችም፣ «ኤ» ነው ያለው። ማለትም ማንኛውም ቤት፣ ከአንድ በላይም ቢሆን። ስለዚህ አንድ ቤት ተቀጥራ የምታድረው ብቻ ሳትሆን፣ ጠዋት አንዱ ቤት ከሰዓት ሌላው ቤት እየዞረች በቀን የምትሠራውም አለችበት። የእረፍት ጊዜ ላይ ሲደርስ ግን ዘ ትመጣለች፤ ሠራተኛዋ በእረፍቷ ቀን «ኢን ዘ ሃውስሆልድ»፣ ማለትም በዚያው በምትሠራበት ቤት ውስጥ እንድትቆይ አትገደድም ይላል። ፓስፖርቷን በእጇ የመያዝ መብትም እዚያው አንቀጽ ላይ አለ። እዚህ በተግባር ይሠራል ወይ ብትሉኝ ያ ሌላ ጨዋታ ነው፣ ሳቄን አታምጡት። ጸሐፊዎቹ ግን «ኤ» እና «ዘ»ን የት እንዳስቀመጡ አስበውበታል።

የቦታ ስም ላይ በአጭሩ። የሀገርና የከተማ ስም አብዛኛውን ጊዜ ዘ አይወስድም፤ «ኢን የመን»፣ «ኢን ዱባይ»። ድሮ እንግሊዞች «ዘ የመን»፣ «ዘ ሱዳን» ይሉ ነበር፣ አሁን ቀርቷል። ኤምሬትስና ፊሊፒንስ ግን ዛሬም ከዘ ጋር ናቸው። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ደግሞ ክሬተር አለላችሁ። ስሙ እንግሊዝኛ ነው፣ የእሳተ ገሞራ አፍ ማለት ነው፤ ሰፈሩም የተሠራው በጠፋ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ነው። «አይ ሊቭ ኢን ክሬተር» ያለች እህት ሰፈሯን ተናገረች። «ኢን ዘ ክሬተር» ካለች እሳተ ገሞራው ውስጥ ነኝ እያለች ነው። አንዳንድ ቀን ሙቀቱ ሲብስ እሱም ውሸት አይሆንም።

የእኛ ሰፈር ደግሞ ቃሂራ ነው። ዓረቦቹ አል ጨምረው አልቃሂራ ይሉታል። የግብፅን ዋና ከተማ ካይሮንም በዚሁ ስም ነው የሚጠሩት፣ አንድ ፊደል አይለይም። ስለዚህ አድራሻ ሲሞላ አልቃሂራ ብቻ ተጽፎ ከቀረ፣ ሩቅ ሀገር ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰው ካይሮ ቢያደርገው አልፈርድበትም። ፎርም የምትሞሉ የቃሂራ ልጆች አጠገቡ ኤደን፣ የመን የሚለውን ጨምሩበት። ሌላ ሰው የሚሞላላችሁ ከሆነም ከመፈረማችሁ በፊት «አንብብልኝ» በሉት፤ በአማርኛ መልሶ ያንብብላችሁ። «ልጁ» የሚለው ቦታ ሲደርስ አስቁሙትና የማን ልጅ ብሎ እንደጻፈ ጠይቁት።